አቀንጭራን የሚቀሰቅሰው ማን ነው?

በወረዳ አዳራሽም ሆነ በዩኒቨርሲቲ ጉባኤ፣ አንድ ሰው ተነሥቶ የነገሩን ሥር የሚነካ ጥያቄ ሲያነሣ ከመድረኩ የሚመጣው መልስ የታወቀ ነው፦ «ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ጊዜ ስለሌለን ግን ወደ ተግባር እንግባ።» አዳራሹም ያጨበጭባል። በማጨብጨቡ አይፈረድበትም። የራያ ቆቦ ሰው በ2013 መጀመሪያ አንበጣ ማሽላውን ሲጨርስበት አይቷል፤ በዚያው ዓመት ማብቂያ ጦርነት ደጁ ደርሶበታል፤ ዝናቡም አንድ ዓመት መጥቶ አንድ ዓመት ይቀርበታል። እንዲህ ያለ ሕዝብ «ተግባር» የሚል ቃል ሲሰማ ደስ ቢለው አይገርምም።

ከመልሱ ጀርባ ያለው እምነት ግን ሳይመረመር እየታለፈ ነው። እምነቱ እንዲህ ይላል፦ ለተቸገረ ሕዝብ የሚበጀው ጥቅሙ አስቀድሞ የሚታይ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ዓለም እንዴት እንደምትሠራ መጠየቅ የጠገበ ሰው ሥራ ነው፤ መጀመሪያ እንጀራ፣ ማወቁ ይደርሳል። ይህ እምነት የመንገድ ላይ ወሬ ብቻ አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከመቶው ተማሪ ሰባውን ለተፈጥሮ ሳይንስና ለቴክኖሎጂ፣ ሠላሳውን ለማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመድቡ ሲታዘዙ ከትእዛዙ ጀርባ የነበረው አስተሳሰብ ይኸው ነው። የምርምር ገንዘብ ሲጠየቅም «ችግር ፈቺ» የሚል ስም ያልተሰጠው ሐሳብ ገና ከበር ይመለሳል። ካድሬው፣ ሰባኪው፣ ነጋዴው፣ ዲግሪ ይዞ ሥራ የፈታው ወጣት፣ ሁሉም በዚህ ላይ ይስማማሉ።

እኔ አልስማማም። እምነቱ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም ከየትም ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በራያ ቆላ ነው። ይህን ለም ሜዳ ደጋግሞ ካስራቡት ነገሮች መካከል በጊዜው ያልተጠየቁ ጥያቄዎች ዋነኞቹ ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ ማስረጃዬንም ከማሽላው ልጀምር።

ክረምቱ ሲያጋምስ ከጎብዬ እስከ ቆቦ አስፋልቱን ይዞ የሄደ ሰው በማሽላው መሀል ሐምራዊ አበባ ያያል። እንግዳ ከሆነ ያምረዋል። ባለ መሬቱ ግን አበባውን ሲያይ ልቡ ይሰበራል፤ አቀንጭራ ነው። ማሽላውን ከነሥሩ ነቅላችሁ አፈሩን በውኃ በቀስታ ብታጥቡት የነገሩ ክፋት ይገለጣል። የአቀንጭራው ሥር ራሱን ችሎ ወደ ታች አልወረደም። ከማሽላው ሥር ጎን ላይ ተጣብቆ፣ ማሽላው ለፍቶ የሳበውን ውኃና ምግብ እየመጠመጠ ነው። ጉዳቱ የደረሰው አበባው ከመታየቱ ከሳምንታት በፊት፣ ከመሬት በታች ነው። ስለዚህ ሴቱም ወንዱም ጎንበስ ብሎ ሲነቅል ቢውል የዘንድሮውን ማሽላ አያድንም፤ ቢሳካለት የሚቀንሰው የመጪዎቹን ዓመታት ዘር ነው። አንዲት የአቀንጭራ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር፣ እንደ ዱቄት የደቀቀ ዘር ትበትናለች፤ ዘሩም መሬት ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል።

«ወደ ተግባር እንግባ» የሚለው ሰው እዚህ ማሳ ላይ ቢቆም ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው ያለው። ምን ይረጭ? በስንት ሰው ጉልበት ይነቀል? ሁለቱም የተግባር ጥያቄዎች ናቸው፤ ሁለቱም አስቸኳይ ናቸው፤ ሁለቱም በየዓመቱ ተጠይቀው አቀንጭራው ዛሬም አለ። ለማሽላው መንገድ የከፈተለት ለማንም የማይጠቅም የሚመስል ሌላ ጥያቄ ነው፦ ይህ ዘር 10 ዓመት ተኝቶ ከቆየ በኋላ የሚነቃበትን ቀን በምን ያውቃል?

ዝናብ ብቻውን አያስነሣውም። ርጥበቱና ሙቀቱ ያዘጋጁታል እንጂ አይቀሰቅሱትም። የሚቀሰቅሰው በአጠገቡ የሚያልፍ የማሽላ ሥር እጅግ በጥቂት መጠን የሚለቀው ኬሚካል ነው። ከዚህ ወገን የመጀመሪያው ኬሚካል ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1966 ሲሆን ስሙም ስትራይጎል ተባለ። የተገኘው ከጥጥ ሥር ነው። ጥጥ ደግሞ ይህ አረም የማያጠቃው ተክል ነው! ተመራማሪው የምርምር ገንዘብ ፈልጎ በእኛ ኮሚቴ ፊት ቢቀርብ ኖሮ መጀመሪያ የሚጠየቀው ምን እንደሆነ አንባቢዬ ያውቃል፦ አረሙ ጥጥን ካላጠቃ የጥጥ ሥር መመርመር የማንን ችግር ይፈታል?

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ደግሞ ከዚህም የባሰ የሥራ ፈት ጥያቄ ይመስላል። አንድ ተክል ጠላቱን የሚቀሰቅስ ምልክት ለምን ይለቃል? ለዚህ መልስ ለማግኘት ወደ 40 ዓመት ፈጅቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 የጃፓን ተመራማሪዎች ይፋ እንዳደረጉት ምልክቱ የሚላከው ለጠላት አይደለም። በአፈር ውስጥ ከተክል ሥር ጋር ተወዳጅተው የሚኖሩ ፈንገሶች አሉ፤ ከአፈሩ ፎስፎረስ እየለቀሙ ለተክሉ ያቀብላሉ፤ ተክሉም በፋንታው የሠራውን ምግብ ያካፍላቸዋል። ማሽላው የሚጣራው እነሱን ነው። አቀንጭራ ለሌላ የተላከን ጥሪ ሰምቶ የሚመጣ ሌባ ነው። አፈሩ ፎስፎረስ ባጣ ቁጥር ተክሉ ጥሪውን ያበዛል፤ ጥሪው በበዛ ቁጥር ሌባው ይነቃል። የእኛ ገበሬ አቀንጭራን የደከመ መሬት ምልክት አድርጎ ሲያየው የኖረው እውነቱን ነበር። ለምን እውነት እንደሆነ የታወቀው ግን ማንም ሊረጨው ስለማይችል ነገር የሚጠይቁ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

ጥያቄውን ወደ ማሳ ካመጡት አንዱ ኢትዮጵያዊ ናቸው። በወሎንኮሚ ተወልደው በአለማያ እርሻ ኮሌጅ የተማሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ፣ በአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቻቸው ጋር የሠሩት ሥራ በአጭሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል፦ ከማሽላ ዝርያዎች መካከል ምልክቱን አሳንሰው የሚለቁትን ፈልጎ ማዳቀል። ማሽላው ድምፁን ከቀነሰ አቀንጭራው አይነቃም። ከዚህ ሥራ ከወጡትና በአገራችን ከተለቀቁት ዝርያዎች አንዱ «ጎብዬ»፣ ሌላው «አብሽር» ይባላሉ። ጎብዬ ከቆቦ በስተደቡብ፣ በዚያው ጎዳና ላይ ያለች የእኛው ከተማ ስም ናት። ፕሮፌሰሩም እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።

ታዲያ ሐምራዊው አበባ ዛሬም ማሳው ላይ ያለው ለምንድን ነው? ዝርያዎቹ የተጠበቀውን ያህል አልተስፋፉም። ለዚህ የምሰጠው ምክንያት ለክርክሬ ሁለተኛ ማስረጃ ይሆነኛል። አዲሶቹ ማሽላዎች አጫጭርና ቶሎ የሚደርሱ ናቸው። ለራያ ሰው ደግሞ ማሽላ ማለት ፍሬው ብቻ አይደለም። አገዳው ታጭዶ፣ ተከምሮ፣ እስከ ሚያዝያ የበሬ ቀለብ ይሆናል። ማገዶ ይሆናል፤ አጥርና ዳስ ይሆናል፤ ልጆች እሸቱን ሳይጠብቁ ጣፋጩን አገዳ ይመጥጣሉ። ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ደግሞ ሌላው ሁሉ ገና አረንጓዴ ሳለ ብቻውን ስለሚያፈራ የአካባቢው ግሪሳ ወፍ በሙሉ እሱ ላይ ይሰፍራል። ስለ ምርት ሲጠየቅ የተጠየቀው «በሄክታር ስንት ኩንታል?» ነው። «አገዳውስ ለማን ነው?» ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው። አጥኚዎቹ ዝርያው ብቻውን እንደማይበቃ፣ ከማዳበሪያና ውኃ ከሚይዝ የእርሻ ቦይ ጋር አብሮ መሄድ እንዳለበት መክረው ነበር። ወደ ገበሬው የወረደው ግን ብዙ ጊዜ ከረጢቱ ብቻ ነው። ከረጢት ማደል ተግባር ነው፤ ሪፖርት ላይ ይቆጠራል።

ስለዚህ የማወቅ ጉጉት የላቦራቶሪ ሰው ጌጥ ነው የሚለውንም አልቀበልም። በጎብዬ አካባቢ በአንድ የመስክ ቀን ላይ የሰማሁትን ልናገር። አሥራ ሁለት ዓመት ቢሞላው ነው፤ ከአባቱ ኋላ ዱላውን ተደግፎ ቆሞ ገለጻውን ሲያዳምጥ የቆየ ልጅ እጁን አወጣ። «ጋሼ፣ አምና ሽምብራ የዘራንበት ላይ አቀንጭራ ያልወጣው ለምንድን ነው?» ባለሙያው የሚሞላው ቅጽ ነበረው፤ ፀሐዩም በርትቶ ነበር። «እሱ የዛሬ ርእሳችን አይደለም፣ ልጄ» አለው። ቁጣ አልነበረበትም። አባትየውም ልጁን በዓይኑ ገሠጸው፤ በትልልቅ ሰዎች ፊት ነገር ማርዘሙ ነውር መስሎት ነው። ልጁ እጁን አወረደ፤ ገለጻውም ስለ ማዳበሪያ አከፋፈል ቀጠለ።

ያ ልጅ የጠየቀው የጥጡን ሥር የመረመሩት ሰዎች የጠየቁትን ነው። ይህ አረም የሚያጠቃው ማሽላን፣ በቆሎን፣ ዳጉሳንና ዘመዶቻቸውን እንጂ ጥራጥሬን አይደለም። ከማያጠቃቸው ተክሎች መካከል እንደ ጥጥና አኩሪ አተር ያሉት ደግሞ ዘሩን ይቀሰቅሱታል፤ ከነቃ በኋላ ግን የሚጣበቅበት ስለማያገኝ በቀናት ውስጥ ይሞታል። መሬቱን የሚያጸዳው የሰብል ፈረቃ ትርጉም ያለው በዚህ ምክንያት ነው። ልጁ የዚህን ትምህርት ጫፍ በአባቱ ማሳ ላይ፣ በገዛ ዓይኑ አይቶ ይዞት መጥቷል። ለዚያ ቀን ከዚያ የበለጠ ምን ርእስ ይገኝ ነበር? አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ፤ ልጁ ከሥሩ ያዘ፣ እኛ ከቅጹ ያዝን።

ወደ ከባዱ ማስረጃ ልለፍ። በ1965 እና በ1966 በወሎ የደረሰውን እልቂት በተመለከተ ሁሉን የሚያስማማ አንድ መልስ ነበር፦ ዝናብ ስለቀረ ነው። መልሱ ቤተ መንግሥቱን አያስጠይቅም፤ ባለ መሬቱን አያስከፍልም፤ ለጋሹንም አያስቸግርም፤ የፈጣሪ ሥራ ነውና ማንም አይከሰስም። የሕንዱ ምሁር አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ግን ሌላ ጠየቀ። በአገሪቱ ውስጥ የነበረው እህል በጠቅላላው ያን ያህል ካልቀነሰ ሰዎቹ ለምን ሞቱ? የደሴን ገበያ ተመለከተ፤ የእህል ዋጋ በረሃብ ጊዜ እንደሚጠበቀው አልናረም። እንዲያውም ከወሎ ወደ ውጭ የሚጫን እህል ነበር። ማሳው የከዳው ገበሬ ያጣው የሚበላውን ብቻ አልነበረም፤ የሚሸጠውንም አጣ፤ ገንዘብ የሌለው ሰው ቢራብም ገበያው አይሰማውም። ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ የሚወስደው ዋና ጎዳና ራያና ቆቦ አውራጃን ሰንጥቆ ያልፍ ነበር፤ መኪና ይመላለስበት ነበር፤ ሰው በዚያው ጎዳና ዳር ይረግፍ ነበር። ሴንን የሚተቹ አሉ፤ በወሎ ውስጥ የነበረው የምርት ውድቀት ከባድ እንደነበር ያስታውሳሉ፤ ትችታቸውም ሚዛን ይደፋል። ሆኖም ጥያቄው ከተጠየቀ በኋላ «ዝናብ ቀረ» ብሎ መቀመጥ አልተቻለም።

የራሳችን ሰው ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 የነበረውን የኢትዮጵያ ረሃብ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጡት መጽሐፍ ይህንኑ ከገበሬው ወገን ቆመው አዩት። ድርቅ ብቻውን ረሃብ አያመጣም። ረሃብ የሚያመጣው ግብርም ዕዳም፣ ግዴለሽ አስተዳደርም አስቀድሞ ያራቆተውን፣ ጎተራው ውስጥ ለክፉ ቀን የሚሆን እፍኝ እህል ያልቀረውን ገበሬ ሲያገኝ ነው። ይህ የመጻሕፍት ቤት ክርክር የሚመስለው ሰው ካለ፣ በ1997 የተጀመረውን ሴፍቲኔት ያስብ። ለተቸገረ ሰው በየዓመቱ፣ ረሃቡ ከመድረሱ በፊት፣ እህል ወይም ገንዘብ መስጠት የሚለው አሠራር ረሃብን እንዲህ ካዩ ጥያቄዎች ጋር የቅርብ ዝምድና አለው። የዝናቡን መቅረት ብቻ የሚያይ ሰው ሴፍቲኔትን አያስብም፤ ደመና ነው የሚጠብቀው።

እዚህ ላይ የራሴን ክርክር የሚያከብድብኝን ነገር አልዘለውም። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ጥያቄው ተጠይቆ ነበር፤ መልሱም ነበር። የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰው አደጋ ላይ እንደሆነ ለለጋሾች አስታውቋል። መስከረም 1977 አብዮቱ 10ኛ ዓመቱን አከበረ፤ በዚያው ሰሞን የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ተመሠረተ። ዓለም የነቃው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ቢቢሲ ከኮረም ያስተላለፈውን ካየ በኋላ ነው። ስለዚህ ማወቅ ብቻውን አያድንም፤ ይህን አምናለሁ። ግን ከዚህ የሚወጣው ትምህርት «እንግዲያው መጠየቅ ከንቱ ነው» የሚል አይሆንም። የዚያን ጊዜ ሹማምንት በአገር ውስጥም በውጭም፣ ጥያቄዎችን አስቀድመው በደረጃ አስቀምጠው ነበር፦ መጀመሪያ በዓሉ፣ መጀመሪያ ፓርቲው፣ መጀመሪያ የቀዝቃዛው ጦርነት ሒሳብ። እህሉ «ይደርሳል» ከተባሉት መካከል ነበር።

ይህን ስል አንድ ተቃውሞ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ፤ ተቃውሞውም ቀላል አይደለም። ልጇ በእጇ ላይ የደከመባት እናት ስለ ሥር ኬሚካል እንድትሰማ ትፈልጋለህ ወይ? አልፈልግም። በረሃብ ቀን የሚታደለው እህል ነው። እኔ የምከራከረው ግን ስለዚያ ቀን አይደለም። በ1966 እና በ1976 መካከል 10 ክረምቶች ነበሩ። በሁለት መከራዎች መካከል ያሉትን ዓመታት «ጊዜ የለንም» ብሎ ማሳለፍ ነው ስሕተቱ፤ ጊዜ የሚጠፋውም በእነዚያ ዓመታት ነው።

ሌላው ተቃውሞ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ድሀ አገር ነን፤ ሌሎች ይጠይቁ፣ እኛ መልሱን እንውሰድ። ለስትራይጎል ይህ ሠርቷል እንበል። ጃፓን ውስጥ የተገኘው መልስ ለጎብዬም ይሠራል። ነገር ግን የራያ በሬ አገዳ ሲያጣ ምን እንደሚሆን ማንም በጃፓን አይጠይቅልንም። ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ ለየትኛው ማሳ ደለል፣ ለየትኛው አሸዋ እንደሚያመጣ፣ ግሪሳው የትኛውን ማሽላ እንደሚንቅ፣ ዞብል ተራራ ላይ ግጦሽ ሲያልቅ ከብቱ ወዴት እንደሚዞር፣ እነዚህን እኛ ካልጠየቅን በዓለም ላይ የሚጠይቃቸው ሌላ ሰው የለም።

አሁን ወደ እምነት ልምጣ፤ ይህ ነገር ሲነሣ ሁለት ወገን ይቆጣልና። አንዱ ወገን «ዝናብ ለምን ቀረ ብሎ መመራመር ፈጣሪን መፈታተን ነው» ይላል። ሌላው ወገን፣ አብዛኛውን ጊዜ የተማረው፣ «ይህ ሕዝብ ጸሎቱን ትቶ ሳይንሱን ካልያዘ አያድግም» ይላል። ሁለቱ የተጣሉ ይመስላሉ፤ ነገር ግን በአንድ ነገር ተስማምተዋል፦ እምነት ባለበት ጥያቄ የለም፣ ጥያቄ ባለበት እምነት የለም። በራያ የሚኖር ሰው ይህ ሐሰት መሆኑን በዓይኑ ያያል። ዝናብ ሲዘገይ ክርስቲያኑ ምህላ ይይዛል፤ ሙስሊሙ ዱዓ ያደርጋል። እግዚኦታውን አድርሶ የወጣው ገበሬ በዚያው ዕለት አካፋውን ይዞ የጎርፍ መጥለፊያውን ቦይ ሊጠርግ ይሄዳል፤ ማታ ላይ በስተምዕራብ ተራራው ጫፍ ሲጠቁር አይቶ ሌሊት ውኃ ይወርድ እንደሆነ ይገምታል፤ እንቅልፉን ትቶ ይጠብቃል። የዝናቡን ባለቤት ያውቃል፤ የውኃውን መንገድ ደግሞ ያጠናል። አንዱ ሌላውን ሲያስቀርበት አላየሁም።

ጥያቄ ለሃይማኖታችን እንግዳ ነው የሚለው ሰውም የገዛ ቤቱን አያውቀውም። በአንድምታ ትርጓሜ ቤት መምህሩ አንዱን ንባብ ፈትቶ ሲያበቃ «አንድም» ብሎ ሌላ ይጨምራል፤ አንዳንዴም ሦስተኛና አራተኛ። ተማሪው የሚለካው ትርጓሜዎቹን ለይቶ፣ እያንዳንዱ ከየት እንደመጣ በማወቁ ነው። በወሎ መስጊዶች ኪታብ የሚያቀሩ ዑለማዎችም ፍርዳቸውን ከሰጡ በኋላ «አላሁ አዕለም» ብለው ይዘጋሉ፤ የእኔ ዕውቀት እዚህ ድረስ ነው፣ ፍጹሙን የሚያውቀው አላህ ነው ማለታቸው ነው። በእነዚህ ሁለት ቤቶች ያደገ ሕዝብ መልስን እንደ ተዘጋ በር እንዲያይ አልተማረም። ያንን የተማረው በኋላ ነው፤ ከትምህርት ቤቱ የብዙ ምርጫ ፈተናና ከስብሰባው የአቋም መግለጫ።

ታዲያ ሁሉም ጥያቄ እኩል ነው ማለቴ ነው? አይደለም። የምተወው ጥያቄ አለኝ። «ድርቁ ቁጣ ነው ወይስ የተፈጥሮ ሥራ?» የሚለው በየሻይ ቤቱ ሰው የሚያጣላ ክርክር ነው። ለነፍሱ የሚጨነቅ ሰው ከንስሐ አባቱ ወይም ከሼኩ ጋር ሊነጋገርበት መብቱ ነው፤ አከብረዋለሁ። ግን ክርክሩን ማንኛውም ወገን ቢረታ በማግሥቱ የሚዘራው ዘር፣ የሚጠረገው ቦይ፣ የሚቆጠበው እህል አይለወጥም። «አቀንጭራ ሽምብራ ላይ ለምን አይወጣም?» የሚለው ግን፣ መልሱ ወዲህ ሆነ ወዲያ፣ በመጪው ሰኔ የማደርገውን ይለውጠዋል። የጥያቄን ክብደት የምመዝነው በዚህ ነው፤ በድምፁ ወይም በአስቸኳይነቱ አይደለም። ሚዛኑን የማወጣው ግን ጥያቄው ጥቂት መንገድ ከተሄደበት በኋላ ነው። ገና ከአፍ ሳይወጣ የሚመዘን ከሆነ የጥጡ ሥርም የልጁ ሽምብራም ቀለው ይገኛሉ።

ስለ ማንነት ያለውን ነገር ሳልነካ ባልፍ አንባቢዬ እንደሸሸሁ ይቆጥረዋል። ከ1983 ወዲህ ራያ በሁለት አስተዳደር ተከፍሎ ኖሯል፤ ቆቦ በዚህ፣ አላማጣና ኮረም በዚያ። በዚህ ጉዳይ ሰው ሞቷል፤ ሰው ተፈናቅሏል፤ ጥያቄው ከንቱ ነው የሚል አፍ የለኝም። ሕዝቡ ስለ ራሱ ራሱ መናገር አለበት። የምቃወመው ይህን ጥያቄ ይዘው ሌላውን ሁሉ የሚያስቆሙትን ነው፦ መጀመሪያ ወሰኑ፣ ውኃው ይደርሳል፤ መጀመሪያ ባንዲራው፣ ትምህርት ቤቱ ይደርሳል። አማርኛም ትግርኛም ኦሮምኛም በአንድ የገበያ ቀን የሚሰማበት አገር ላይ፣ መልሱን ጨብጠው ወደ ጥያቄው የሚመጡ ሰዎች በዙ። በዚያ መካከል የተወለደ ልጅ ስለ ማሽላ ሥር የሚጠይቅበት ዕድሜ ያልፈዋል።

የሚቀጥለው ትልቅ ጥያቄ ደግሞ ከእግራችን በታች ነው። የቆቦ ሜዳ ከምዕራቡ ተራራ ለዘመናት ተጠርጎ በወረደ ጠጠር፣ አሸዋና ደለል የተሞላ ገበታ ነው፤ በዚህ ሙሌት ውስጥ የከርሰ ምድር ውኃ አለ። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ጥልቅ ጉድጓዶች ያስቆፈረው፣ ሽንኩርትና ቲማቲም በበጋ የሚታየው በዚህ ውኃ ነው። ሪፖርቱ ሁልጊዜ የሚነግረን ስንት ጉድጓድ እንደተቆፈረና ስንት ሄክታር እንደለማ ነው። ጥሩ ነው። ግን በየዓመቱ ስንት ውኃ ወጣ፣ ስንትስ ተመልሶ ገባ? ውኃው የሚመለሰው በአብዛኛው ጎርፉ ከተራራው ሥር በጠጠሩ ላይ ሲያልፍ ከሆነ፣ ያንን ጎርፍ በሲሚንቶ ቦይ ጠልፈን በሙሉ ስንወስደው የምንወስደው የጉድጓዳችንን ቀለብ ይሆን? የላይኛው ተዳፋት ሲራቆትስ? ይህ ጥያቄ ዛሬ ማንንም አያበላም፤ ስለዚህ ከሰባ ሠላሳው ጀርባ በነበረው አስተሳሰብም በ«ችግር ፈቺ»ውም ሚዛን ወደ ኋላ ይላል። ጉድጓድ የደረቀ ቀን ግን ጥያቄው አስቸኳይ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ለመመለስ የሚያስፈልገው የዓመታት ልኬት አይኖርም፤ ልኬት ወደ ኋላ ተመልሶ አይወሰድምና።

የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚፈጅ አይደለም። ፓምፑ የተበላሸባቸውና የቆሙ ጉድጓዶች አሉ፤ በየመንደሩም በእጅ የተቆፈሩ አሉ። በእያንዳንዱ ቀበሌ ሁለት ሦስቱ ይመረጡ። ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት፣ በየሜትሩ ምልክት ያለው ገመድ በየወሩ መጀመሪያ ይውረድባቸው፤ ውኃው የተገኘበት ጥልቀት ከቀኑ ጋር በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ሁሉም በሚያየው ሰሌዳ ይጻፍ፤ ቅጂው ለወልድያ ዩኒቨርሲቲና ለወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት ይላክ። ልኬቱን የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ሊወስዱት ይችላሉ፤ «ለምን ወረደ?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅም ከእነሱ መካከል ይገኛል፣ መልስ የሚፈልግለት መምህር ይመደብለት። የመጀመሪያው ልኬት ከመጪው ክረምት በፊት፣ ግንቦት ላይ መወሰድ አለበት፤ ከዝናቡ በኋላ የሚወሰደው የሚነጻጸረው ከእሱ ጋር ነው።